የመኪና ዋስትናና ተጨማሪ የጥገና ሽፋን፦ ውሉን ከማንበብ ካሳ እስከ መቀበል

የዋስትና ውል ሲይዙ መጀመሪያ የሚገልጡት "የማይሸፈኑ" የሚለውን ገጽ ይሁን። የፊቱ ገጽ ዓመቱንና ኪሎ ሜትሩን በትልልቅ ፊደል ይነግርዎታል፤ ጥያቄዎ ውድቅ ሲሆን የሚጠቀስብዎ አንቀጽ ግን ያለው ከኋላ፣ በደቃቁ የተጻፈው ላይ ነው። ከዚህ በታች የፋብሪካ ዋስትናን ሳይበላሽ የማቆያ መንገድ፣ ተጨማሪ ሽፋን የሚያዋጣበትና የማያዋጣበት ሁኔታ፣ እንዲሁም መኪናው ሲቆም ገንዘቡን ለማግኘት የሚኬድበት ቅደም ተከተል ተዘርዝሯል።

1. በእጅዎ ያለው ዋስትና የትኛው እንደሆነ ይለዩ

አንድ አዲስ መኪና ብዙ ዋስትናዎችን ደርቦ ይወጣል፤ እያንዳንዱም የራሱ ማብቂያ አለው። አጠቃላዩ ዋስትና ከኤሌክትሪክ መስኮት እስከ ኤሲ ኮምፕሬሰር ያለውን ሁሉ የሚይዝ ሲሆን፣ በብዙ አምራቾች ዘንድ 3 ዓመት ወይም ወደ 60,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና ረዘም ይላል፤ 5 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር የተለመደ ነው። ኪያ በአውሮፓ 7 ዓመት ወይም 150,000 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ሃዩንዳይና ኪያ በአሜሪካ ለሞተርና ለካምቢዮ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ይሰጣሉ፤ ይህ ግን ለመጀመሪያው ባለቤት ነው፤ ያገለገለውን ከግለሰብ የገዛ ሰው ያንኑ ያህል አያገኝም። የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ በአብዛኛው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ይሸፈናል። እዚያ ላይ የሚፈለገው ሌላ ቁጥር ደግሞ ባትሪው የመያዝ አቅሙ ስንት በመቶ ሲደርስ ይቀየራል የሚለው ነው፤ ብዙ ጊዜ 70 በመቶ ነው።

የሰውነቱ ዝገት ለብቻው ይታያል። የሚሸፈነውም ቆርቆሮውን ከውስጥ በልቶ የበሳ ዝገት ነው፤ በላዩ ላይ የወጣ ዝገት አይቆጠርም። የጎማዎቹን ዋስትና የሚሰጠው የጎማው አምራች ነው። 12 ቮልቱ ባትሪም ብዙውን ጊዜ የራሱ አጭር ጊዜ አለው።

ዓመቱና ኪሎ ሜትሩ "ወይም" በሚል ቃል የተያያዙት ቀድሞ የደረሰው እንዲቆርጠው ነው። በዓመት 40,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የ3 ዓመት ወይም የ60,000 ኪሎ ሜትር ዋስትናውን በዓመት ከመንፈቅ ይጨርሳል። ቆጠራው የሚጀምረው መኪናው ለመጀመሪያ ደንበኛ ከተረከበበት ወይም ከተመዘገበበት ቀን ሲሆን፣ የተመረተበት ዓመት በዚህ ውስጥ አይገባም። ነጋዴው ለማሳያ ሲነዳው የቆየ "አዲስ" መኪና የዋስትናው የተወሰነ ክፍል ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ለማጣራት የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው የአምራቹ ወኪል ዘንድ ይሂዱ። ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ ከ0 እና ከ1 ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በፍጹም አይገቡበትም። ከእነዚህ አንዱን የጻፉ ከመሰለዎ አሳስተው ቀድተውታልና መልሰው ይመልከቱ። ወኪሉን አራት ነገር ይጠይቁ፦ ዋስትናው የጀመረበት ቀን፣ የእያንዳንዱ ክፍል ማብቂያ፣ ያልተሠራ የፋብሪካ ጥሪ (አምራቹ የታወቀ ጉድለትን ለማረም መኪናዎቹን መልሶ የሚጠራበት) መኖር አለመኖሩ፣ እና ዋስትናው በአደጋ ወይም በጎርፍ ምክንያት ተሰርዞ እንደሆነ። መኪናው ለሌላ አገር ገበያ ተመርቶ ከዚያ የተጫነ ከሆነ አምስተኛ ጥያቄ ይጨምሩ፦ ዋስትናው ድንበር ይሻገራል ወይ? ብዙ ጊዜ አይሻገርም፤ ሻጩ በቃል የነገረዎትም ለዚህ ጉዳይ ምንም አይፈይድም።

2. "ጉድለት" እና "ማለቅ" የሚለያዩበትን መስመር ይወቁ

የፋብሪካ ዋስትና የሚከፍለው በማቴሪያል ወይም በአሠራር ጉድለት ለመጣ ብልሽት ነው። የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ አምፑል ሲሠሩ የሚያልቁ ስለሆኑ አይገቡም፤ ወይም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ብቻ ይገባሉ። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል፣ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ)፣ ኮምፒውተር የመሳሰሉት ይገባሉ። እስካሁን ያለው ግልጽ ነው። ክርክሩ የሚነሳው አንዱ ዕቃ ሌላውን ይዞ ሲበላሽ ነው።

የውሃ ፖምፓን እንውሰድ። ፖምፓው ውስጥ ያለው መከላከያ ሲዳከም ከሥሩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል፤ ሲደርቅም ነጭ ወይም ቀለም ያለው ቅርፊት ይተዋል። ፖምፓው በዋስትናው ይሸፈናል። ኩላንቱ ሲጎድል የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይወጣል። አሽከርካሪው "ቅርብ ነው፣ ልድረስ" ብሎ አምስት ኪሎ ሜትር ይነዳል። በዚያች አምስት ኪሎ ሜትር የአሉሚኒየሙ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ውሃና ዘይት ተቀላቅለው የወተት ሻይ መልክ ያመጣሉ። መርማሪው ቴስታታው ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድሞ በስስ የመለኪያ ቅጠል ክፍተቱን ይለካል፤ በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩም ሙቀቱ ምን ያህል እንደወጣ ሊመዘግብ ይችላል። ታድሶ የተገጠመ ሞተር ከሆነ ደግሞ ሠሪዎቹ መሃሏ 125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚቀልጥ ትንሽ ክብ ምልክት ለጥፈውበት ሊሆን ይችላል፤ መሃሏ ከቀለጠ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ውጤቱ፦ ፖምፓው ይከፈላል፣ ቴስታታው አይከፈልም። ምክንያቱ ደግሞ "ጉዳት እያየ መንዳቱን ቀጥሏል" የሚለው አንቀጽ ነው፤ ይህ አንቀጽ የሌለበት ውል ማግኘት ከባድ ነው።

ስለዚህ መለኪያው ከወትሮው ሲያልፍ ወይም ቀይ የዘይት መብራት ሲበራ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፣ ዳሽቦርዱን ፎቶ ያንሱ፣ መኪናውን አስጎትተው ይውሰዱ። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አይክፈቱ። የመጎተቻው ደረሰኝ በኋላ "ወዲያው አቁሜያለሁ" ለማለት ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ነው።

የሞተሩን የላይና የታች ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋም እንዲሁ ነው። እንደ መኪናው ዓይነት በ90,000 እና በ160,000 ኪሎ ሜትር መካከል፣ ወይም ዓመቱ ሲሞላ መቀየር አለበት። በብዙ ሞተሮች ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስቶኖቹ ባልቮላዎቹን (አየርና ጭስ የሚያስገቡና የሚያስወጡ መዝጊያዎች) መትተው ያጣምሟቸዋል። ባልቮላ በዋስትናው ዝርዝር ውስጥ ቢኖርም፣ ቺንጋው ጊዜው አልፎበት ከነበረ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል።

3. ማስረጃ ይሰብስቡ፤ ከመጀመሪያው ሰርቪስ ጀምሮ

ዘይት በሰዓቱ መቀየሩ ብቻውን አይበቃም፤ መቀየሩ መታየት አለበት። ጥሩ ደረሰኝ የሻንሲ ቁጥሩን ወይም ታርጋውን፣ ቀኑን፣ የኪሎ ሜትር ንባቡን፣ የዘይቱን ዓይነት (ለምሳሌ 5ደብሊው-30) እና ደረጃውን፣ የፈሰሰውን ሊትር፣ የፊልትሮውን መለያ ቁጥር ይይዛል። "ሰርቪስ ተደርጓል" ብቻ የሚል ብጣሽ ወረቀት እንደሌለ ይቆጠራል። ዘይቱን ራስዎ ከቀየሩ የዘይትና የፊልትሮ መግዣ ደረሰኞችን ይያዙ፤ በዚያው ቀን ኪሎ ሜትሩን ፎቶ ያንሱና በማስታወሻ ይጻፉት።

መጽሐፉ ውስጥ ሁለት የሰርቪስ ሠንጠረዥ ካለ ብዙ ሰው ረጅሙን ይመርጣል፤ እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይጠፋል። አቧራ፣ አጫጭር ጉዞ፣ ለረጅም ሰዓት ቆሞ ሞተር ማሠራት፣ ከባድ ጭነትና ተጎታች "ከባድ አጠቃቀም" ተብለው ይመደባሉ። በዚህ ሠንጠረዥ የዘይት መቀየሪያው ርቀት ከተለመደው ግማሽ ድረስ ሊያጥር ይችላል። በከተማ መጨናነቅ የሚውል መኪና በአብዛኛው ከዚህኛው ወገን ነው።

ሰርቪስ ከወኪሉ ውጭ ማስደረግ ዋስትና ያሰርዛል የሚለው ወሬ በየቦታው አለ። በአሜሪካ በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነፃ ካልሰጠ በስተቀር "የእኔን ብቻ ተጠቀም" ብሎ ዋስትናን እንዳያስር ይከለክላል። በአውሮፓ ኅብረትም የአምራቹን መርሐ ግብር ተከትሎ ሌላ ጋራዥ ማሠራት ይፈቀዳል። ሌላ አገር ካሉ የአገሩን ሕግና ውሉን ይዩ፤ ውሉ ግልጽ ክልከላ ካለው ቢያንስ በዋስትናው ዘመን ወኪሉ ዘንድ መሄዱ ይሻላል። የትም ይሁን የት ግን ሌላ ጋራዥ ያፈሰሰው የተሳሳተ ዘይት ያመጣውን ጉዳት አምራቹ አይከፍልም።

4. ተጨማሪ ሽፋን ከመግዛትዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ

"ተጨማሪ ዋስትና" በሚል ስም የሚሸጡት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፦ አምራቹ ራሱ የሚያራዝመው፣ ሦስተኛ ወገን የሚሸጠው የጥገና አገልግሎት ውል፣ እና ኢንሹራንስ ኩባንያ የሚሰጠው የሜካኒካል ብልሽት መድን። የአምራቹ ብዙ ጊዜ ይወደዳል፤ ጭቅጭቁ ግን ያንሳል፤ በየትኛውም ወኪሉ ዘንድም ይሠራል። ሦስተኛው ወገን ላይ ጥንቃቄው ይብሳል።

መጀመሪያ የሚሠላው በእውነት የሚጨመረው ጊዜ ነው። "የ5 ዓመት ሽፋን" የሚባለው ውል ከተገዛበት ቀን የሚቆጠር ከሆነና መኪናው ገና 3 ዓመት የፋብሪካ ዋስትና ካለው፣ የከፈሉት ለ2 ዓመት ነው። ኪሎ ሜትሩም እንዲሁ፦ "100,000 ኪሎ ሜትር" ሲል ከዛሬው ንባብ ላይ ተጨምሮ ነው ወይስ ከዜሮ ተነሥቶ? ሻጩ ይህን በጽሑፍ ይመልስ።

ቀጥሎ ዋጋው። የውሉን ዋጋ 100 እንበል፤ በየጥገናው ከኪስዎ የሚከፍሉት ተቀናሽ 5 ቢሆንና ሦስት ጊዜ ቢሠራልዎ ጠቅላላ ወጪዎ 115 ነው። ስለዚህ ውሉ የሚያዋጣው እነዚያ ሦስት ጥገናዎች ያለ ውል ከ115 በላይ የሚያስወጡ ከሆነ ብቻ ነው። ተቀናሹ "በአንድ ጉብኝት" ነው ወይስ "በአንድ ዕቃ" የሚለውንም ይለዩ። በአንድ ቀን ሞተሪኖና ኮምፕሬሰር ቢቀየሩ በመጀመሪያው አንድ ተቀናሽ፣ በሁለተኛው ሁለት ይከፍላሉ። ውሉ በመኪናው ብድር ላይ ከተደረበ ደግሞ ወለድም ይከፈልበታል፤ የሻጩ ወርኃዊ ክፍያ ትንሽ መስሎ የሚታየው በዚህ ነው።

ለማነጻጸር ከጋራዥ የሦስት ሥራዎችን ዋጋ በጽሑፍ ያስገምቱ፦ ካምቢዮ መቀየር ወይም ማደስ፣ የኤሲ ኮምፕሬሰር፣ እና የዚያ ሞዴል የታወቀ ደካማ ጎን (ቱርቦ፣ የነዳጅ ፖምፓ፣ የአየር ትራስ ያለው አሞርዛተር)። ውሉ ከሁለቱ ርካሽ ሥራዎች ድምር በላይ ከሆነና ሞዴሉ በጥንካሬው የሚታወቅ ከሆነ ገንዘቡን በየወሩ ለብቻ ማስቀመጥ ይሻላል። መኪናው ኤሌክትሮኒክስ የበዛበት፣ ዕቃው ውድና ድንገተኛ ትልቅ ወጪ ቤትን የሚያናጋ ከሆነ ግን ውሉ ትርጉም አለው። "ዋስትናዎ ሊያበቃ ነው፣ የመጨረሻ ማስታወቂያ" እያለ በስልክ ወይም በደብዳቤ የሚመጣ ጥሪ ግን ከአምራቹ እንዳልሆነ ይገመት፤ የካርድ ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር አይስጡ።

5. ውሉን ከኋላ ወደ ፊት ያንብቡ

ውሎች በአጻጻፋቸው ሁለት ናቸው። አንዱ የሚሸፈኑትን ይዘረዝራል፤ ያልተጠራ ዕቃ አይሸፈንም። ሌላው የማይሸፈኑትን ይዘረዝራል፤ ያልተጠራው ሁሉ ይሸፈናል። ሁለተኛው ይመረጣል። በመጀመሪያው ዓይነት "ሞተር፦ በዘይት የሚቀቡ የውስጥ ክፍሎች" የሚል ሐረግ ካለ የዘይት ማፍሰስ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሽቦና ሴንሰር ውጭ ናቸው ማለት ነው። ያረጀ መኪና ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚበላሹት እነሱ ናቸው።

ከዚያ የሚከተሉትን ፈልገው ያስምሩባቸው፦

የመጠበቂያ ጊዜ፦ ብዙ ጊዜ 30 ቀንና 1,600 ኪሎ ሜትር፤ በዚህ መካከል የተበላሸ "ቀድሞ የነበረ" ይባላል። ከመግዛትዎ በፊት በመካኒክ ተመርምሮ ውጤቱ ቀን ያለበት ወረቀት ላይ ቢሰፍር ለዚህ መልስ ይሆናል።

የማለቅ ጉዳይ፦ "ብልሽት" ማለት ዕቃው ጨርሶ መሥራት ሲያቆም ብቻ ነው ወይስ ከተፈቀደው ልክ በላይ ሲያልቅም? ዘይት የሚበላ ሞተር በመጀመሪያው ትርጉም አልተበላሸም።

የክፍያ ጣሪያ፦ በአንድ ጥገና፣ በጠቅላላውም። ጠቅላላው ብዙ ጊዜ የመኪናው የወቅቱ ዋጋ ነው፤ መኪናው ሲያረጅ ጣሪያውም አብሮ ይወርዳል።

የእጅ ዋጋ፦ ጋራዡ በሰዓት የሚያስከፍለው ውሉ ከሚቀበለው ከበለጠ ልዩነቱ ከእርስዎ ነው። ሰዓቱም የሚቆጠረው በመደበኛው የሥራ ሰዓት ሰንጠረዥ ነው፤ መካኒኩ በዛገ ብሎን ሲታገል የዋለውን ማንም አይከፍልም።

ዕቃው፦ አዲስ፣ የታደሰ ወይስ ያገለገለ?

መኪናው ላይ የተደረገ ለውጥ፦ ከፍ የተደረገ ሰውነት፣ ከልኩ የበለጠ ጎማ፣ ጉልበት ለመጨመር የተነካ ኮምፒውተር። ታክሲና የዕቃ ማመላለሻ ሥራም ብዙ ጊዜ ሽፋኑን ያሳጣል።

በመጨረሻ፣ ከፋዩ ማን ነው? ሻጩ፣ ጥያቄውን የሚያስተናግደው ድርጅትና ገንዘቡን የሚያዋጣው ኢንሹራንስ ሦስት የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ውሉ ላይ የኢንሹራንስ ኩባንያው ስምና አድራሻ ከሌለ፣ ድርጅቱ ሲዘጋ ውሉ ተራ ወረቀት ይሆናል። የኢንሹራንሱ ስም ያልሰፈረበትን ውል አለመግዛት ነው።

6. ሲበላሽ፦ ከመፈታቱ በፊት ይደውሉ

የሞተር ምልክት መብራት ሲበራ ቶሎ ስካን አስደርጎ ኮዱን ማስጠፋት የተለመደ ስህተት ነው። ኮዱ ሲጠፋ ብልሽቱ በተከሰተበት ቅጽበት የተመዘገበው የፍጥነት፣ የሙቀትና የዙር መረጃም አብሮ ይጠፋል፤ የመኪናው የራስ ምርመራም ከዜሮ ይጀምራል። ቀጣዩ መካኒክ ይህንን ማየት ይችላል፤ "የደበቁት ነገር አለ" የሚል ጥርጣሬም ያስከትላል። ኮዱን አንብበው ይጻፉ (ፒ0301 የ1ኛ ሲሊንደር አለመተኮስ፣ ፒ0420 የካታሊቲክ ኮንቨርተር ብቃት መውረድ ነው)፤ አያጥፉት።

ጋራዥ ሲደርሱ ምልክቱን ከነሁኔታው ያስመዝግቡ። "ካምቢዮው ያስቸግራል" አይበቃም። "ጠዋት በቀዝቃዛው፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሲሻገር፣ በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ይመታል፤ ሲሞቅ ይተዋል" ቢባል መካኒኩ መልሶ ሊያመጣው ይችላል። ዋስትናው ሊያበቃ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ይህ እጥፍ ይጠቅማል፦ "ምንም አልተገኘም" ብለው ቢመልሱዎ እንኳ ቅሬታው፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ያለበትን የሥራ ካርድ ይቀበሉ። ዋስትናው ካለቀ በኋላ ያው ብልሽት ጎልቶ ሲወጣ፣ በጊዜው እንደተነገረ የሚያሳየው ያ ካርድ ነው።

በተጨማሪ ውል የሚሠራ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ጋራዡ ይመረምራል፤ ብልሽቱን፣ ምክንያቱንና የሚያስፈልገውን ዕቃ ለውል ሰጪው ይልካል፤ ውል ሰጪው ፈቃድ ቁጥር ይሰጣል፤ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ጥገና በብዙ ውሎች ምንም አይከፈልበትም። ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ካልተፈታ ምክንያቱ የማይታወቅ ከሆነ መፍታቱን እርስዎ እንዲፈቅዱ ይጠየቃሉ፤ ምክንያቱ ከሽፋን ውጭ ሆኖ ከተገኘ የመፍቻውና የመግጠሚያው ዋጋ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ "እስከ ምን ድረስ ፍቱ፣ ከዚያ ደውሉ" ብለው በጽሑፍ ይወስኑ፤ ለምሳሌ ካርተሩን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) አውርዶ ዘይቱ ውስጥ የብረት ፍቅፋቂ መኖሩን ማየት ብቻ። የወጡት ዕቃዎች መርማሪ እስኪያያቸው ይቀመጡ፤ አንዴ ከተጣሉ ክርክሩ አብሯቸው ይጣላል።

7. "አንከፍልም" ሲባሉ

ውሳኔውን በጽሑፍ፣ የአንቀጹን ቁጥር ጠቅሶ ይጠይቁ። "የጥገና ጉድለት" ብቻ ከሆነ መልሱ፣ የትኛው ጥገና፣ ብልሽቱንስ እንዴት አመጣው ብለው ይመልሱ፤ ዘይት ዘግይቶ መቀየሩ የመስኮት ሞተር አያቃጥልም። ከዚያ ከማንም ወገን ያልሆነ መካኒክ ምክንያቱን በጽሑፍና በፎቶ እንዲያሰፍር ያድርጉ፤ ወጪ አለው፣ ግን ለካምቢዮ ያህል ጉዳይ ይገባዋል። ቀጥሎ ውሉ ላይ ለተጠቀሰው ኢንሹራንስ፣ ከዚያም ለሸማች ጥበቃ ወይም ለመድን ተቆጣጣሪው አካል ማመልከት ይቻላል።

የፋብሪካ ዋስትናው በቅርቡ ካበቃ አምራቹን በቀጥታ የወጪ መጋራት ይጠይቁ። ግዴታ የለበትም፤ ሆኖም ሰርቪሱ የተሟላ፣ ብልሽቱም በሌሎች ተመሳሳይ መኪናዎች ላይ የታየ ከሆነ ዕቃውን ወይም የዕቃውን ከፊል ሲሸፍን ይታያል። ለዚያ ብልሽት ለወኪሎች የተላከ የቴክኒክ መግለጫ መኖሩን ወኪሉን ይጠይቁ። የደኅንነት ጥሪ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከዋስትና ውጭ ነው፤ በጥሪው የተሸፈነውን ሥራ አምራቹ ዋስትናው ቢያልቅም በነፃ ይሠራል።

8. መኪናውን ሲሸጡ ወይም ውሉን ሲተዉ

የተጨማሪው ውል ቀሪ ጊዜ ለገዢው የሚተላለፍ ከሆነ የመሸጫ ዋጋዎን ይደግፋል፤ ግን የማስተላለፊያ ቀነ ገደብና ክፍያ አለው፤ ገደቡ ብዙ ጊዜ ከሽያጩ በኋላ 30 ቀን ገደማ ነው። የማይተላለፍ ከሆነ ወይም መኪናው በአደጋ ከጥቅም ውጭ ከሆነ ይሰርዙት። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ ጥያቄ ሳያቀርቡ ከሰረዙ ብዙ ውሎች ሙሉውን ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚመለሰው ያልተጠቀሙበት ድርሻ ነው። ጊዜውም ኪሎ ሜትሩም ይታይና የበለጠ የተበላው ይወሰዳል፦ ከጊዜው 40 በመቶ፣ ከኪሎ ሜትሩ 70 በመቶ ካለቀ የሚመለሰው 30 በመቶው ነው፤ ከዚያም ላይ የተከፈሉ ጥገናዎችና የመሰረዣ ክፍያ ይቀነሳሉ። ውሉ በብድር ላይ ተደርቦ ከነበረ ተመላሹ ለአበዳሪው ይሄዳልና የብድር ሒሳብዎ በዚያው ልክ መቀነሱን በቀጣዩ ወር መግለጫ ላይ ያረጋግጡ።